ለሱሉልታ መንገድ የተመረጡ ጎማዎች

እህቴ ለመምህርነት ፍቼ መመደቧን በነገረችን ማግስት፣ አባቴን ግቢ ውስጥ ከመኪናዋ ጎን ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። በአውራ ጣታቸው የፊቱን ጎማ እየዳሰሱ ነበር። ጎማው ጥርስ የሚባል አልቀረለትም፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል።

«ይኼ ፍቼ አያደርስም» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለጎማው አልለየሁትም።

ሌላ ሰው ቢሰማው ተራ ነገር ነው። አባት ልጁን ሥራዋ ቦታ ሊያደርስ ሲነሣ ከመንገዱ በፊት ጎማ ይቀይራል። እኔ ግን የጀበናውን ውኃ እንደ ያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያቆመኝ ቅናት ነበር። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፣ አልሆነልኝም።

ለምን እንደ ቀናሁ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እኔ የበኩር ልጅ ነኝ። ጡት እንደ ጣልኩ ለአባቴ ታላቅ እህት ተሰጠሁ። አክስቴ ልጅ አልወለደችም፤ ከሱሉልታ አለፍ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ገባ የሚል መንደር ውስጥ ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። ልጅ ላጣች እህት ልጅ መስጠት ያኔ ነውር አልነበረም፤ ነውሩ መንፈጉ ነበር። ስለዚህ «እማዬ» ያልኩት እሷን ነው። አባቴን «ጋሼ» አልኳቸው፤ እርስዎም አልኳቸው፤ ወሬያቸውን እየሰማሁ ያደግኩት እንደ አንድ የከተማ ዘመድ ነበርና።

አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መካኒክ ነበሩ። እኔ ሕፃን ሳለሁ፣ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን አንዲት ሰይቼንቶ ገዙ፤ ያቺ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ አራት ሰው እንደ ምንም የምትይዝ ትንሽ መኪና። ወሬዋ መንደራችን ድረስ መጣ። መኪናዋ ግን አልመጣችም። ለእንቁጣጣሽ ጠበቅኩ፣ ለገና ጠበቅኩ፣ ለፋሲካ ጠበቅኩ። አክስቴን ስጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«የጋሼሽ መኪና ጎማዋ ለዚህ መንገድ አይሆንም።»

አመንኳት። ከሜዳው ማዶ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ አያለሁ፤ አውቶቡስ ሲያልፍ አያለሁ፤ አንዳንዴም ትንንሽ ታክሲዎች ቅቤ ሊገዙ ሲያልፉ አያለሁ። ቢሆንም አመንኳት። የነዚያ ጎማ ሌላ፣ የጋሼ ጎማ ሌላ ነው አልኩ። የሚያስቀው ነገር፣ እግሬ ላይ የነበረው በረባሶ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ነበር። ከክረምት ክረምት ድንጋይና እሾህ ረግጬበታለሁ፣ አልተበሳም። ሁለቱን ነገር አገናኝቼ ለማሰብ ግን ልቤ አልፈቀደም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ሊያገባኝ የፈለገ ሰው ሽማግሌ ላከ። አክስቴ ሽማግሌዎቹን በጨዋ ደንብ ሸኘቻቸው፤ በነጋታው ጠዋት ግን ከሰል በጫነ መኪና ላይ አስቀምጣ አዲስ አበባ ላከችኝ። ያኔም አባቴ ሊወስዱኝ አልመጡም፤ አዲሱ ገበያ ቆመው ጠበቁኝ። ከከሰሉ ላይ ስወርድ አጠገባቸው ነጭ ካልሲ ያደረገች ልጅ እጃቸውን ይዛ ቆማለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «አባዬ፣ ይቺ ናት?» አለች።

እህቴ በሦስት ዓመት ታንሰኛለች። እሷ ሦስተኛ ክፍል ነበረች፣ እኔ አንደኛ ገባሁ። አሮጌ ደብተሯ ተረፈኝ፤ ዩኒፎርሟ ግን ጠበበኝ። እናታችን እኔ ከመጣሁ በኋላ ብዙም አልቆየችም፣ አረፈች፤ በቤቱ የቀረነው ሦስት ነበርን። እህቴ እየቀደመችኝ ሄደች። የዚያ የጎማው ወሬ ሲነሣ እሷ ትምህርቷን ጨርሳ ዲፕሎማ ይዛለች፤ እኔ ቀን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እየጠገንኩና እየደረደርኩ ማታ ማታ አሥራ አንደኛ ክፍል እማራለሁ።

መኪና መንዳት ያስተማሯት አባቴ ናቸው፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የሁለቱን ማጅራት አይ ነበር። ማርሽ ስታስጮህ አይቆጧትም። «ቀስ፣ ቀስ፣ እንደ እንቁላል ያዢያት» ይሏታል። እሷም «አንተ ራስህ ስታስጮኻት ሰምቼሃለሁ እኮ አባዬ» ትላቸዋለች። ለአባት እንደዚህ ተብሎ ይመለሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። መናገሯ አልነበረም የሚያስቀናኝ። መሳቃቸው ነበር።

እንግዲህ ያን ጠዋት ጎማው ፍቼ አያደርስም ያሉት እኚህ ሰው ናቸው። ፍቼ ለመድረስ ደግሞ በሱሉልታ፣ በአክስቴ መንደር አፋፍ ነው የሚታለፈው። ለእኔ ያልሆነው ጎማ በዚያው መንገድ ለእሷ ሊሆን ነው።

ያኔ አዲስ ጎማ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በመሥሪያ ቤታቸው ኅብረት ሱቅ ሲመጣ ዕጣ ይጣልበታል፤ ለአባቴ ደግሞ ከስኳር በቀር ዕጣ ወጥቶላቸው አያውቅም። የቀረው ያገለገለ ጎማ መርጦ መግዛት ነው። የቀበሌ ስብሰባ ባልነበረበት በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ከሰፈራችን ወረድ ብሎ ወደ ነበረው ጎሚስታ ከእህቴ ጋር ሊሄዱ ሲነሡ «እኔም እመጣለሁ» አልኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«አንቺ ደግሞ ስለ ጎማ ምን ታውቂያለሽ?» አለች እህቴ።

ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ጎሚስታው ከደቡብ መጥቶ ጉለሌ የከረመ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሙስሊም ነበር። ጎማ ይለጥፋል፣ ነፋስ ይሞላል፣ ያገለገለም ይሸጣል። ደጃፉ ላይ ጎማው እንደ ጭድ ተከምሯል። አባቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣና «ይምረጡ ጋሽዬ፤ እኔ ብመርጥልዎ መልሰው እርስዎ ይመርጡታል፣ ድካም ነው» አላቸው።

እውነቱን ነው። አባቴ ጎማ ሲመርጡ መጀመሪያ መሬት ላይ ያንከባልሉታል። ቀጥ ብሎ ከሄደ ይከተሉታል፤ ከተወላገደ ከወደቀበት አያነሡትም። ከዚያ በጉልበታቸው መሀል ይዘው አፉን ይፈለቅቁና ውስጡን በእጃቸው ጀርባ ይዳስሱታል። መዳፋቸው በሥራ ስለ ደነደነ የወጣ ክር አይለይም፤ የእጃቸው ጀርባ ግን ይለያል። በመጨረሻ ያሸቱታል። ለምን እንደሚያሸቱት እስካሁን አላውቅም።

አንዱን አነሡ፣ ጣሉ። ሌላውን አንከባለሉ፣ ተዉት። አንዱን ጥሩ ነው ብለው ለብቻ ካስቀመጡ በኋላ ተመልሰው ዳሰሱትና ወደ ክምሩ ወረወሩት። እህቴ ሰለቻት።

«አባዬ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትመርጠው?»

«ሙሽራማ ቢሆን ጠቡ በሽማግሌ ይበርዳል» አሉ። «ጎማ ዳገት ላይ ከከዳሽ ማን ያስታርቅሻል?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ጎሚስታውም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እያንዳንዱ የተጣለ ጎማ ለእሷ የተሰጠ ነገር ሆኖ ይታየኝ ነበር። ምናለ አንዱን እንኳ ሳያሹ ሳይዳስሱ ዝም ብለው ቢያነሡ እል ነበር። ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ቢሆን እችለው ነበር መሰለኝ።

ዝም ብዬ መቆም ስላስጠላኝ እስከዚያ የተመረጡትን ሁለቱን ጎንበስ ብዬ በጎናቸው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ከመኪናዋ ጎማ ላይ የነበረውን ቁጥር ሳልፈልገው በቃሌ ይዤው ነበር፤ ፊደልና ቁጥር ካየሁ አልረሳም። ከሁለቱ አንደኛው ቁጥሩ ከፍ ይላል።

«ይኼ ከዚያኛው ጋር አንድ አይደለም» አልኩ።

«ደግሞ ጎማም ታነቢያለሽ?» አለች እህቴ፣ ለጎሚስታው ጥቅሻ እየሰጠች። «ቤት ውስጥ የስኳር ከረጢት ሳይቀር አንብባ ጨርሳለች፤ ይኼ ነው የቀራት።»

አባቴ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቁጥሩን አዩ። «ተያት፣ ታንብብ» አሉ፤ ያንንም ወደ ክምሩ መለሱት።

እህቴ ለአዲሱ ቤቷ ባልዲና የላምባ ምድጃ እገዛለሁ ብላ ወደ ሱቆቹ ሄደች። ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ለየትኛው መንገድ ነው እንዲህ የሚያስጨንቁን?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ፍቼ መሆኑን ነገሩት። ሰውየው በጣም ሳቀ።

«ለፍቼ! እዚህ ሰፈር አንድ ባለ ታክሲ አለ፣ ልክ እንደርስዎ ሰይቼንቶ። ጎማው ክሩ ወጥቶ ሲመጣ እኔ እፈራለታለሁ። ከድሮ ጀምሮ በዚያ ጎማ ቅቤ ሊያመጣ ሱሉልታን አልፎ ጫንጮ ይመላለሳል፤ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

አባቴ የያዙትን ጎማ አላንከባለሉም፣ አላስቀመጡምም። እኔ እንደምሰማ ያውቃሉ። ወዲያው ከታች ካለው መስጊድ አዛን ተሰማና ጎሚስታው «እስክመለስ ይምረጡ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው» ብሎ ሄደ። ከጎማው ክምር አጠገብ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

አባቴን ከዚያ በፊት ስለዚያ ነገር ጠይቄአቸው አላውቅም። አሁንም የምጠይቅ አልመሰለኝም ነበር። ድምፄን ስሰማው ከሌላ ሰው እንደ ወጣ ሆነብኝ።

«ጋሼ፣ ያኔም መንገዱ ይኼው ነበር። በጎማ ነው ያልመጡት?»

ጎማውን አስቀመጡና ላዩ ላይ ተቀመጡበት።

«በጎማ አይደለም» አሉ።

ጠበቅኩ።

«ስሰጥሽ አክስትሽ አስማለችኝ። ልጅቷ አንተን እያየች ካደገች የእኔ አትሆንም፤ ልቧን ትከፍልብኛለህ፤ ደጄን አትርገጥ አለችኝ። በማርያም ማልኩላት። ሰው ሲጠይቅ ምን ይባላል? አባት ልጁን ለምን አያይም ሲባል? ጎማው ነው አልን።»

«ማን ነው ያለው?»

«እሷም እኔም። ማን እንደ ጀመረው እንጃ። ሳንነጋገር ተስማማንበት።»

እኔ ነገርን በግማሽ መተው አልችልም፤ መጽሐፍ ገጽ ጎድሎት ሳገኝም ያመኛል። «መሐላው ባይኖር ይመጡ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ።

በአጠገባችን አህዮች የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል ጭነው አለፉ፤ እስኪያልፉ ድረስ አባቴ ዐይናቸውን ከአህዮቹ ላይ አላነሡም።

«እሱን አላውቅም» አሉ። «መጀመሪያ ላይ ከበደኝ። አንድ ሁለቴ እስከ እንጦጦው ኬላ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ከዚያ እህትሽ መጣች። ከዚያ… ለመድኩት። ውሸት ልነግርሽ አልፈልግም።»

ደግ አባት ቢሆኑ ኖሮ፣ ወይም ክፉ ቢሆኑ፣ መልሱ ይቀለኝ ነበር። ለመድኩት ማለታቸው እንደ ብርድ ገባብኝ። ግን ከብርዱ ጋር አንድ ሌላ ነገር አብሮ ገባ፤ ይኼንንም አልሸሽገውም። አክስቴ በእኔ ትቀና ኖሯል! እኔ የምቀና እንጂ የሚቀኑብኝ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር። አንዲት ሴት በእኔ የተነሣ ወንድሟን ከደጇ አባርራ፣ በየበዓሉ ጎማ እያማች ኖራለች። ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታ ሥር ደግሞ ቅናቴ እንዳለ ተቀምጧል፤ ቦታ ቀየረ እንጂ አልወጣም። አክስቴ እንዲያ ስትይዘኝ እሳቸው ለምን ለቀቁኝ?

«እሷን ፍቼ ከማድረስዎ በፊት» አልኩ «እኔን ይውሰዱኝ። እማዬ ዘንድ።»

«መንገድ ላይ እኮ ናት። ያን ቀን አብረን እንገባለን፤ ሦስታችንም።»

«በእሷ መንገድ ላይ ተደርቤ አይደለም። እኔን ብለው፣ ለእኔ ተነሥተው።»

ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ዘመን ነበር። አባቴ ለፍቼው መንገድ ብለው መኪናዋን ለብዙ ሳምንት ሳይነዷት፣ ሥራ በእግራቸው እየሄዱ አጠራቅመዋል። ያ ቤንዚን ለሁለት ጉዞ አይበቃም፤ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ማወቄን ያውቃሉ። ፊቴን አዩኝ። እንደ ጎማው የሚዳስሱኝ መሰለኝ። ከዚያ ተነሡና የተቀመጡበትን ጎማ በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ እኔ አንከባለሉት። ቀጥ ብሎ መጣ።

«ቁጥሩን አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩ። ሌላ አመጡ፣ አነበብኩ። ቀደም ብለው የለዩአቸውን ሳይቀር አንድ በአንድ እንደገና አስነበቡኝ። ጎሚስታው ከሶላት ሲመለስ አራቱ ጎማዎች በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ክሪኩን አምጥቶ መኪናዋን አነሣና መግጠም ጀመረ።

እህቴ ባልዲዋን አንጠልጥላ ስትመጣ የመጨረሻው ጎማ ቸርኬው ላይ እየገባ ነበር።

«አንቺ በአውቶቡስ ትሄጃለሽ» አሏት አባቴ፣ ቀና ሳይሉ። «ከእህትሽ ጋር አክስታችሁ እታለም ዘንድ እንሄዳለን፤ ቤንዚኑ ከዚያ አያልፍም።»

የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። አለመቀለዳቸውን ስታውቅ ባልዲውን መሬት አስቀመጠችው። «ታዲያ ጎማው ለማን ነው የተገዛው?»

«ለመኪናዋ።»

ወደ እኔ ዞረች። በዚያች ሰዓት ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከመስተዋት አውቀዋለሁ፤ ለዓመታት ሳየው ኖሬአለሁ። አሳዘነችኝ ብል ጥሩ ነበር። አላሳዘነችኝም።

እስክትሄድ ድረስ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው ለራትና ለምሳ ብቻ ነው። የምትሄድበት ቀን አዲሱ ገበያ ሸኘናት። ፍራሿን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጫኑላት፤ አባቴ ገመዱን እየዞሩ ይፈትሻሉ፣ ረዳቱን ይጨቀጭቃሉ። እኔን ስትስመኝ ጆሮዬ ሥር «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉ እሰማለሁ፤ ባንቺ አፍ ግን መኪና ከነጎማዋ ገባችበት» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ ዐይኗ ግን እርጥብ ነበር። እኔም ጠበቅ አድርጌ ሳምኳት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አባቴ እጃቸውን እንዳነሡ ብዙ ቆሙ፤ በዚያም ቀናሁ፣ መኪናዋ ለእኔ ተብላ ቆማ እያለች እንኳ።

የእኔ ቀን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሆነ። ከእንጦጦ በላይ ያለው ኬላ ላይ አስቆሙን። ወታደሩ መታወቂያችንን አየ፣ የኋላውን ወንበር ፈተሸ፣ ከፊት ያለውን ክዳን አስከፈተ፤ ለአክስቴ ከያዝነው ሳሙናና ነጠላ በቀር ምንም አላገኘም። ወዴት ነው ሲላቸው አባቴ «ልጄን አሳዳጊዋ ዘንድ ልወስዳት» አሉ። ወታደሩ አየኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያለፋት፣ መነጽር ያደረገች ሴት። «እስካሁን አላደገችም?» ብሎ እጁን በማውለብለብ አሳለፈን። አባቴ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ዞር ብለው እኔም መሳቄን አዩ።

መንደሩ መግቢያ ላይ ልጆች መኪናዋን እየሮጡ ተከተሏት። አክስቴ ከደጇ ወጥታ በእጇ ፀሐይ እየከለለች ቆመች። አርጅታለች፤ ባሏም ሞቷል፤ ቁመቷ ግን አልጎበጠም። መጀመሪያ ያወቀችው መኪናዋን ሳይሆን አባቴን ነው። ከመኪናው ስወርድ ከእሳቸው በፊት እኔን ሳበችና ከጀርባዋ አደረገችኝ። አዎን፣ ከጀርባዋ፣ ዶሮ ጫጩቷን ከጭልፊት እንደምትከልል።

«ምን ልትል መጣህ?» አለቻቸው።

«እሷ አምጣኝ ብላ ነው እታለም። የማልኩልሽ እኔ እንጂ እሷ አልማለችም።»

አክስቴ ይኼን ለመቀበል ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ወደ ቤት አስገባችን። እኔን መደቡ ላይ ከጎኗ አስቀመጠችኝ፤ ለእሳቸው በር አጠገብ እንዲቀመጡበት ዱካ ሰጠቻቸው። እርጎ ሲቀዳ ለእኔ ቀድሞ ተቀዳ። አባቴ ይኼን ሁሉ አዩ፤ ዱካውንም ትንሽ ትንሽ እያስጠጉ ወደ መደቡ ቀረቡ።

ወሬው ስለ እኔ ሆነ፤ እኔ እንደሌለሁ አድርገው። አክስቴ «ዝምታዋ የኔ ነው፣ ከእኔ ነው የወሰደችው» አለች። አባቴ «ዝምታው ያንቺ ይሁን፣ ነገር ሳይጨርሱ አለመተዉ ግን የኔ ነው» አሉ። አክስቴ «ከልጅነቷም እንዲህ ነበረች» ብላ ማስረጃ ቆጠረች፤ እሳቸው «ከተማ ከመጣች ወዲህ ነው» ብለው ሌላ ቆጠሩ። አክስቴ፣ አባቴ የማያውቁትን የሕፃንነት ሕመሜን አነሣች፤ እሳቸው እሷ የማታውቀውን፣ አንደኛ ክፍል አንደኛ የወጣሁበትን ቀን አነሡ። ያን ቀን የሚያስታውሱት አልመሰለኝም ነበር።

«ማንበቡማ ያለ ጥርጥር የኔ ነው» አሉ አባቴ።

«አንተ ደግሞ መቼ አንብበህ ታውቃለህ?»

«አላነብም፤ የሚነበበውን ነገር ግን መርጬ አቀርባለሁ።»

አክስቴ ሳትወድ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው፣ ፈገግታዋ እንዳይቆጠርባት። አንዳቸውም ልክ አልነበሩም፤ ቢጠይቁኝ ብዙውን አርማቸው ነበር። አልጠየቁኝም። ጥላው ከደጃፉ አልፎ ሜዳው ላይ ወርዷል፤ አባቴ ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ አይተዋል፤ ኬላው በጊዜ ይዘጋል። እኔ ግን እንሂድ አላልኩም፤ በእኔ ሲከራከሩ መስማቱን ገና አልጠገብኩም ነበር።